ዝናብን በጣሳ መለካት፣ ዘርን ከአታላይ ዝናብ ማዳን



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ዝናብ ነው። «ዝናብን ከገበሬ የበለጠ ማን ያውቃል?» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ደመናው ከየት እንደሚነሣ፣ ነፋሱ ሲዞር ምን እንደሚያመጣ፣ ጉንዳን እንቁላሉን ተሸክሞ ሲሰደድ ምን ማለት እንደሆነ ከአባቶቻችሁ ተምራችኋል። ይህ ዕውቀት ሀብት ነው። አትጣሉት።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ዘር ዘርታችሁ፣ ዘሩ በቅሎ፣ ከዚያ ዝናቡ ድንገት ቆሞ፣ ቡቃያው ደርቆ እንደገና የዘራችሁበት ዓመት የለም? በብዙ አገር ገበሬው ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ዘርቶ አንድ ጊዜም ሳያጭድ የቀረበት ዓመት አለ። በዚህ ጊዜ የጠፋው ጉልበት ብቻ አይደለም። ዘሩም ጠፍቷል። ዘሩ ያለቀበት ገበሬ እውነተኛው ዝናብ ሲመጣ እጁን አጣጥፎ ይመለከታል። ወይም ዘር በውድ ይገዛል፤ ለዚያም በሬውን ይሸጣል።

ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሰማዩ ለምን እንደተለወጠ። ሁለተኛ፣ ዝናብን እንዴት እንደምንለካና እንደምንጽፍ። ሦስተኛ፣ ዝናብ ሲያንስም ሲበዛም እንዴት እንደምንጠነቀቅ።

1. ሰማዩ ለምን ተለወጠ?

በአገራችን በብዙው ክፍል ዓመቱ በሦስት ይከፈላል። ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ በጋ ነው። በቦረናና በሶማሌ ቆላ ግን ክረምቱ ደረቅ ነው። እዚያ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመኸር ወራት ይመጣል።

ድርቅ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። የ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሀብ የሚያስታውሱ አሉ። የ1977 ዓ.ም. ረሀብም «ሰባ ሰባት» ተብሎ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሰማዩ ጥንትም ይለዋወጥ ነበር። ከመለዋወጡ ምክንያቶች አንዱ ከእኛ እጅግ የራቀ ነው። ሰላማዊ ውቅያኖስ የሚባል ታላቅ ባሕር አለ። የዚህ ባሕር የላይኛው ውሃ በመካከሉና በምሥራቁ በኩል ከልክ በላይ የሚሞቅበት ዓመት አለ። ይህ ሙቀት «ኤል ኒኞ» ይባላል። ባሕሩ ሲሞቅ የነፋሱ አካሄድ ይዛባል። ያን ጊዜ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ ብዙ ጊዜ ያንሳል። በ2007 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። በልጉም ክረምቱም ከዳ። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን መሆኑ ተነገረ።

ባሕሩ በአንጻሩ ሲቀዘቅዝ «ላ ኒኛ» ይባላል። ያን ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ በቦረናና በሶማሌ ቆላ ይበረታል። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ 2015 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። ከብት አልቋል፤ አርብቶ አደሩም ተሰዷል።

በዚህ በጥንቱ መለዋወጥ ላይ አዲስ ነገር ተጨምሯል። ፋብሪካዎች፣ መኪናዎችና የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ያቃጥላሉ። ከዚያ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ አየር ወደ ሰማይ ይወጣና እንደ ጋቢ ምድርን ይሸፍናል። ጋቢ ራሱ እሳት አይደለም፤ የገላችንን ሙቀት እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ። ይህም አየር እንዲሁ ነው። ምድር ከፀሐይ ያገኘችውን ሙቀት በቶሎ እንዳትለቅ ይይዝባታል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ምድር ከ1 ዲግሪ በላይ ሞቃለች። ከዚህ ጭስ አብዛኛውን ያጨሱት ባለጸጎቹና ባለ ፋብሪካዎቹ አገሮች ናቸው። የእኛ ድርሻ ጥቂት ነው። ጉዳቱ ግን እኛም ደጅ ደርሷል።

«አንድ ዲግሪ ምን አላት?» አትበሉ። የሞቀ አየር ውሃ ይጠጣል። አየሩ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ ሊይዝ የሚችለው እንፋሎት ከ100 በ7 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ዝናብ በሌለ ጊዜ ከማሳችሁ እርጥበቱን ቶሎ ይመጥጣል። ዝናብ በመጣ ጊዜ ደግሞ የያዘውን ባንድ ጊዜ ይደፋዋል። ድርቁም ጎርፉም በአንድ ዓመት የሚመጡት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

2. ምንባብ፦ ባልና ሚስት ስለ ዘር ተነጋገሩ

ይህ ለትምህርት የተጻፈ ምሳሌ ነው። አንዳችሁ እንደ ባል፣ ሌላችሁ እንደ ሚስት ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ጊዜው ሚያዝያ ነው። ቦታው ማሽላ የሚዘራበት ቆላ ነው።

ባል፦ ሰማዩ ከፍቶልናል። ሌሊቱን ሲያወርደው አደረ። በሬዎቹን ልጠምድ ነው። ማሽላውን ከጎታ አውጪልኝ።

ሚስት፦ ቆይ እንጂ የልጆቼ አባት። ጣሳውን አይተኸዋል?

ባል፦ ጣሳ ምን ያደርግልኛል? ጣራው ሲንጫጫ ሰምቼ የለም እንዴ!

ሚስት፦ ቆርቆሮ ጣራ እኮ ትንሹንም ዝናብ ትልቅ ያስመስለዋል። እኔ ሄጄ ለክቼዋለሁ። 6 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ባዶ ነበር።

ባል፦ ጎረቤቱ ሁሉ ጠምዷል። እኛ ብቻ ወደ ኋላ ልንቀር ነው?

ሚስት፦ አምና ከጎረቤት ጋር ዘራን። ከጎረቤት ጋርም አለቀስን። ና፤ መሬቱን ቆፍረን እንየው።

ሄደው ቆፈሩ። አፈሩ የራሰው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በታች ደረቅ ነው።

ባል፦ ላዩ ጭቃ፣ ውስጡ አመድ!

ሚስት፦ ዘሩ በዚህች እርጥበት ይበቅላል። ሥሩ ወደ አመዱ ሲወርድ ግን ይደርቃል።

ባል፦ ብንዘገይና ዝናቡ ቢያመልጠንስ? ማሽላ እኮ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል።

ሚስት፦ ጭንቁ እሱ ነው። እኔም ጨርሰህ አትዝራ አላልኩም። ሁሉን አትዝራ ነው የምልህ። ከዘሩ ጥቂቱን እርጥበት በሚይዘው በታችኛው ማሳ ዝራ። የቀረው ጎታው ውስጥ ይቆይ።

ባል ጥቂት አሰበ። እንዳለችው አደረገ። ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን ጠብ ሳይል ቀረ። በታችኛው ማሳ ከበቀለው ግማሹ ደረቀ። ባል በየማለዳው ሰማይ ሰማይ ያያል። በዘጠነኛውና በአሥረኛው ቀን ዝናቡ በደንብ ወረደ። ሚስት ለክታ 14 እና 11 ጻፈች። ቆፍረው ሲያዩ አፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ርሷል። ያን ጊዜ ጎታውን ከፈቱ። የሚዘራ ዘር ነበራቸው።

ውድ አንባቢዎች፣ ይህች ሴት ነቢይ አይደለችም። ዝናቡ እንደሚቆም አላወቀችም። ያደረገችው ነገር ሁለት ብቻ ነው። ለካች፤ ዘሩንም ባንድ ቀን አልጨረሰችም።

3. የዝናብ መለኪያ አሠራር

መለኪያውን ለመሥራት ገንዘብ አያስፈልግም። የሚከተለውን አድርጉ።

ሀ. አፉና ታቹ እኩል የሆነ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ ፈልጉ። አፉ የጠበበ ወይም የሰፋ ዕቃ አይሆንም፤ ያሳስታል።

ለ. ጣሳውን ከዛፍና ከቤት ርቆ በሜዳ አቁሙት። አጠገቡ ያለው ዛፍ ቁመቱ 5 ሜትር ቢሆን ጣሳው ከዛፉ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ።

ሐ. ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ባለ እንጨት ላይ እሰሩት። አለዚያ ከመሬት የሚፈናጠር ውሃ ይገባበታል። እንዳይዘነበልም አስተካክሉት። ከብት እንዳይጠጣው ዙሪያውን እሾህ እጠሩ።

መ. በየቀኑ ጧት 3 ሰዓት ላይ የተማሪ ማስመሪያ ወደ ጣሳው አስገብታችሁ የውሃውን ጥልቀት ለኩ። በማስመሪያው ላይ ትንሿ ክፍል 1 ሚሊ ሜትር ናት። ማስመሪያው ከዜሮው በፊት ትርፍ ጫፍ ካለው ያን ቆርጣችሁ ጣሉ።

ሠ. ቀኑንና ቁጥሩን በደብተር ጻፉ። ከዚያ ውሃውን ደፍታችሁ ጣሳውን መልሱ። ዝናብ ባልዘነበበትም ቀን 0 ብላችሁ ጻፉ። ዜሮም ዕውቀት ነው።

የምንባቡ ሴት ደብተር እንዲህ ይላል።

ሚያዝያ 10 ቀን፦ 6 ሚሊ ሜትር
ከሚያዝያ 11 እስከ 18 ቀን፦ በየቀኑ 0
ሚያዝያ 19 ቀን፦ 14 ሚሊ ሜትር
ሚያዝያ 20 ቀን፦ 11 ሚሊ ሜትር
ድምር፦ 31 ሚሊ ሜትር

ይህ ቁጥር ምን ይነግረናል? 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ፈሰሰ ማለት ነው። 4 ጥማድ 1 ሄክታር በሚሆንበት አገር 1 ጥማድ 2,500 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ በአንድ ጥማድ ላይ 50,000 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 2,500 ጀሪካን ይሆናል። ይህን ያህል ውሃ በጀርባው አዝሎ የሚያመጣ ማን ነው? ሰማይ ሲሰጠን ወደ ገደል እንዳንለቀው ማሰብ ያለብን ለዚህ ነው።

4. መቼ እንዝራ?

ባለሙያዎች ከሚጠቀሙባቸው መለኪያዎች አንዱ ይህ ነው። በ3 ቀን ውስጥ በድምሩ 20 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከዘነበ የዘር ዝናብ ጀምሯል ይባላል። ይኸውም ቀጥሎ ረጅም ደረቅ ጊዜ ካልመጣ ነው። አፈር ግን ይለያያል። አሸዋማው ቶሎ ይርሳል፤ ቶሎም ይደርቃል። ጥቁሩ መረሬ ዘግይቶ ይርሳል፤ ከራሰ በኋላ ግን እርጥበቱን ይይዛል። ስለዚህ ቁጥሩን ካያችሁ በኋላ ቆፍራችሁ እዩ። ጣሳውም ጣታችሁም ይመስክሩ።

ቀጥሎ ስላለው ቀን ደግሞ የትንበያ ዜና ስሙ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የ10 ቀንና የወቅት ትንበያ ያወጣል። ትንበያው «ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ከ100 45 ነው» ቢል፣ ዝናብ የለም ማለት አይደለም። እንዲህ የተባለባቸውን 100 ዓመታት ብታስቡ፣ በ45ቱ ያህል ዝናቡ ያንሳል፤ በ55ቱ አያንስም ማለት ነው። ትንበያ ምክር ነው እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም። የአገሩ ትንበያ የናንተን ጋራና ሸለቆ ለይቶ አያውቅም። እሱን የሚያውቀው የናንተ ጣሳ ነው።

ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ማሽላ ካልሆነ ተስፋ አትቁረጡ። እንደየአገሩ ቶሎ የሚደርስ ዘር አለ። «መልካም» የተባለው ማሽላና «ጸደይ» የተባለው ጤፍ ዝናብ ለሚያጥርበት አገር ከወጡት መካከል ናቸው። ክረምቱ ዘግይቶ ከገባ በሐምሌ ጤፍ ይዘራል። በክረምቱ ማብቂያ በመረሬ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ በቀረው እርጥበት ይበቅላሉ። ጓያ ግን ዘወትር ለብቻው ከተበላ እግር ስለሚያሽመደምድ ከሌላ እህል ጋር ካልሆነ አትመገቡት። ለናንተ ቀበሌ የሚስማማውን ዘር የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ። ስትጠይቁም ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥር የያዘ ሰው ጥያቄው ይሰማለታል።

የወረደውንም ውሃ ያዙ። ተዳፋት መሬት ወደ ታች አትረሱ፤ አግድም እረሱ። በቆላ ማሳ ቦዩን በየጥቂት እርምጃው በአፈር ገድቡት፤ ውሃው ቆሞ ይሰርጋል። በኮንሶ ሕዝቡ በድንጋይ እርከን አፈሩንና ውሃውን ይዞ ለብዙ ትውልድ ኖሯል። የሥራቸው ታላቅነት ታይቶ አገራቸው በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ሕዝብ የተራቆተውን ተራራ ከልሎ፣ ዛፍ ተክሎ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ የከርሰ ምድር ውሃው እንዲመለስ አድርጓል። እነዚህም ዝናብ አላዘነቡም። የዘነበውን ግን አላባከኑም።

5. ዝናቡ ሲበዛስ?

ዝናብ ማነሱ ዘር ይወስዳል። መብዛቱ ደግሞ ሰው ይወስዳል። ስለዚህ እነዚህን ሁለት ታሪኮች በጥንቃቄ አንብቡ።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሌሊት፣ በድሬዳዋ ከተማ ደቻቱ የተባለው ወንዝ ሞልቶ ብዙ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ጠራርጎ ወሰደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ውሃው የተነሣው ከከተማው በላይ ባለው ደጋ ላይ ከወረደው ከባድ ዝናብ ነው። ትምህርቱ ይህ ነው፦ እናንተ ጋ ባይዘንብም ከላያችሁ ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ደረቁ ወንዝ ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ከመጣ፣ ከላይም የሚያጉረመርም ድምፅ ከተሰማ አትቁሙ። ከብት ለማውጣት አትመለሱ። ልጆችን ይዛችሁ ወደ ከፍታ ውጡ። የሞላ ወንዝ አትሻገሩ። ጉልበት የማይደርስ ጎርፍ ጎልማሳ ሰው ይጥላል።

በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ወገኑን ሊያወጣ ሮጦ መጣ። በመቆፈር ላይ ሳለ ሁለተኛው ናዳ ወርዶ ሊያድኑ የመጡትን ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ለወገን መድረስ የደግ ሕዝብ ጠባይ ነው። ማንም አይወቅሳቸውም። ከነሱ መማር ግን ግዴታችን ነው። የተናደ ተራራ እንደገና ሊናድ ይችላል። ለመቆፈር ስትሰበሰቡ ላይኛውን ተዳፋት የሚጠብቁ ሰዎች ራቅ ብለው ይቁሙ፤ አፈሩ ሲነቃነቅ ይጩኹ። የቆፋሪዎቹም ቁጥር ይወሰን። ሕፃናትና ለማየት የመጡ ሰዎች ከሥሩ ይራቁ።

ናዳ ምልክት አለው። ከቤታችሁ በላይ ባለው ተዳፋት መሬቱ ከተሰነጠቀ፣ ቀጥ ብሎ የነበረ ዛፍ ወይም አጥር ካዘነበለ፣ ምንጭ ባልነበረበት ውሃ ከፈለቀ፣ የቤታችሁ በር ያለ ምክንያት ከጠበቀ፣ ለማኅበሩ ንገሩ። ከባድ ዝናብም ከሆነ በዚያ ቤት አትደሩ። ቤት ይሠራል፤ ሰው አይሠራም።

መብረቅ ሲኖር ደግሞ ለብቻው በቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። እረኞች ልጆቻችሁንም ይህን አስተምሩ።

6. የማኅበሩ ሥራ

አንድ ጣሳ አንድ ቤት ይመክራል። በየጎጡ አንድ አንድ ጣሳ ቢኖር ግን ቀበሌውን ሁሉ ይመክራል። ስለዚህ በማኅበራችሁ የሚከተለውን ተነጋገሩ።

በየጎጡ ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ሰው ለልኬቱ ይመረጥ። ቁጥሩ በየሳምንቱ በስብሰባ ወይም በገበያ ቀን ይነበብ። የጋራ የዘር ጎተራ ይቋቋም። ደህና ምርት በተገኘበት ዓመት እያንዳንዱ ቤት ጥቂት ዘር ያግባ፤ ዘሩ የጠፋበት በክፉ ዓመት ወስዶ ሲያገኝ ይመልስ። ማን እንዳስገባ፣ ማን እንደወሰደ በመዝገብ ይጻፍ። በደጋ ያለው ቀበሌ ከባድ ዝናብ ሲወርድበት በቆላ ላለው በስልክ ይንገር። ስልክ በማይሠራበት በጥሩንባና በጩኸት ይተላለፍ። ማን ለማን እንደሚደውል ግን ዛሬ ይወሰን። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ተብሏልና።

ውድ አንባቢዎች፣ ጣሳ ዝናብ አያመጣም። ደብተርም ደመና አይጠራም። ሁሉን አድርጋችሁም ሰማዩ የሚከዳበት ዓመት አለ። ያን ጊዜ ዘር በጎታ ያለው፣ ጎረቤት በጎኑ ያለው ይተርፋል። እጃችሁ እርሳስ መያዝ ችሏል። ስማችሁን መጻፍ ከቻላችሁ ዝናቡንም መጻፍ ትችላላችሁ። ልጆቻችሁ ከአሥር ዓመት በኋላ ያን ደብተር ሲገልጡ፣ አባቶቻችን በቃል ብቻ የነገሩንን ዓመት በቁጥር ያነቡታል።

የቃላት ፍቺ

ሚሊ ሜትር፦ ትንሽ የርዝመት መለኪያ። 10 ሚሊ ሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ነው።
ትንበያ፦ ወደፊት ስለሚሆነው ነገር በጥናት የሚነገር ግምት።
መደበኛ፦ በብዙ ዓመታት የተለመደው መጠን።
ናዳ፦ ከተራራ ተንዶ የሚወርድ አፈርና ድንጋይ።

መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ ሚስት ዘሩ ሁሉ እንዳይዘራ የመከረችው ለምንድን ነው? እናንተስ በቦታዋ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?
2. ሰኞ 5፣ ማክሰኞ 0፣ ረቡዕ 9 ሚሊ ሜትር ዘነበ። ድምሩ ስንት ነው? በትምህርቱ መለኪያ መሠረት የዘር ዝናብ ጀምሯልን?
3. የቤታችሁ ቆርቆሮ ጣራ 40 ካሬ ሜትር ቢሆንና 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ስንት ሊትር ውሃ ይገኛል? ስንት ጀሪካን ይሞላል?
4. ከቤታችሁ በላይ ያለውን ተዳፋት ሄዳችሁ እዩ። ካነበባችኋቸው የናዳ ምልክቶች አንዱ አለን? ያያችሁትን በአምስት መስመር ጻፉና በማኅበሩ ስብሰባ አንብቡት።
5. ዛሬ ጣሳ አቁሙ። ነገ ጧት 3 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ቁጥር ጻፉ።

(መልስ፦ የ2ኛው ጥያቄ 14 ሚሊ ሜትር ነው፤ ገና አልጀመረም። የ3ኛው 800 ሊትር ነው፤ 40 ጀሪካን ይሞላል።)